ስምንት ማሽን ከአንድ ማሽን ለምን ይዘገያል?

ጥያቄው፦ «ሰላም ጋሼ። ኮምቦልቻ ነው ያለሁት። የማስተርስ ማሟያዬን በፓራለል ኮምፒውቲንግ፣ ማለትም አንድን ስሌት ለብዙ ማሽን በማከፋፈል ላይ እየሠራሁ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ ሙቀት እንዴት እንደሚሰራጭ የሚያሰላ ፕሮግራም በፎርትራን ጻፍኩ። ምጣዱን 1000 በ1000 ካሬ ከፋፍዬዋለሁ፤ ስሌቱ 10,000 ዙር ይሄዳል። በአንድ ማሽን 20 ሰከንድ ይፈጃል። ኮአሬይ በሚባለው የፎርትራን ዘዴ አድርጌ 8 የላብ ማሽኖች ላይ ሳስኬደው ግን ከግማሽ ሰዓት በላይ ወሰደ! ያንኑ ኤምፒአይ በሚባለው የመልእክት መላኪያ ስጽፈው 5 ሰከንድ ገደማ ሆነ። ኮዱ ግን በጣም ረዘመ፣ ሁለት ሳምንትም በላኝ። አማካሪዬ ‹ቋንቋ ቀይሪ፣ ቻፕል ሞክሪ› ይሉኛል። ጥፋቱ የቋንቋው ነው፣ የኔትወርኩ ነው ወይስ የእኔ? ደግሞስ ሱፐር ኮምፒውተር በዓይኔ ሳላይ ስለ እሱ ቋንቋና ግንኙነት ምን ጥናት እሠራለሁ?»

አብሽሪ እህቴ። ለጥናትሽ ከ5 ሰከንዱ ፕሮግራም ይልቅ ግማሽ ሰዓት የፈጀው ይጠቅምሻል። ኮድሽን አላየሁትም፤ ቁጥሮችሽ ግን ብዙ ያወራሉ። እስኪ ብዕርና ወረቀት አምጪ።

የእያንዳንዷ ካሬ አዲስ ሙቀት የአራት ጎረቤቶቿ አማካይ ነው። ካሬዎቹ 1 ሚሊዮን ናቸው። 20 ሰከንድ ለ10,000 ሲካፈል በዙር 2 ሚሊ ሰከንድ ይመጣል። ለአንዲት ካሬ 2 ናኖ ሰከንድ ማለት ነው (ሚሊ የሰከንድ ሺኛ፣ ማይክሮ የሚሊ ሺኛ፣ ናኖ የማይክሮ ሺኛ ነው)። ለአሮጌ የላብ ማሽን ይህ ጥሩ ነው። ስለዚህ ሒሳቡ ላይ ችግር የለብሽም። ሥራው ለ8 ሲከፈል ለየማሽኑ በዙር 0.25 ሚሊ ሰከንድ ይደርሰዋል።

አሁን ወደ ጠርዙ እንምጣ። ምጣዱን 8 ቦታ ስትቆርጪው እያንዳንዱ ማሽን በየዙሩ የጎረቤቶቹን ጠርዝ ማየት አለበት። ከግራ 1000 ቁጥር፣ ከቀኝ 1000 ቁጥር። አንድ ቁጥር 8 ባይት ስለሆነ በአንድ በኩል 8,000 ባይት ነው። ከአንዲት የስልክ ፎቶ በጣም ያነሰ ነገር። ታዲያ ግማሽ ሰዓቱ ከየት መጣ?

መልእክት ሁለት ዋጋ አለው። አንዱ የጉዞው ዋጋ ነው፤ ላተንሲ ይሉታል። ሌላው የጭነቱ ዋጋ ነው፤ እሱ ባንድዊድዝን ይከተላል። ከደሴ ኮምቦልቻ እህል የሚያወርድ ኤፍኤስአር አስቢ። የሐረጎን ጠመዝማዛ ለመውረድ አንድ ኩንታልም ጫነ ሃምሳ ጊዜው ያው ነው። አንድ ኩንታል ብቻ ጭኖ ሃምሳ ጊዜ የሚመላለስ ሹፌር ብታዪ «ጤና ይስጥህ» ትይዋለሽ። የአንቺም ፕሮግራም የሠራው ይህንኑ ይመስለኛል።

በተለመደው የጊጋቢት ኤተርኔት ላይ አንድ ትንሽ መልእክት በአንድ አቅጣጫ 50 ማይክሮ ሰከንድ ይፈጃል እንበል። ጭነቱን በተመለከተ ጊጋቢት በሰከንድ 125 ሚሊዮን ባይት ያስተላልፋል። ስለዚህ 8,000ው ባይት 64 ማይክሮ ሰከንድ ይወስዳል። በኮአሬይ ከጎረቤት ማንበብ ደግሞ ጥያቄና መልስ ነው። ሄዶ መምጣት ስላለበት 100 ማይክሮ ሰከንድ በይው። የጎረቤትን ጠርዝ በሉፕ (በድግግሞሽ ትእዛዝ)፣ አንድ አንድ ቁጥር እያነሳሽ ካነበብሽ በዙር 2000 ጊዜ ሄዶ መምጣት አለ። ተራ በተራ ሲሆን 200 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል። በ10,000 ዙር 2000 ሰከንድ፤ ማለትም 33 ደቂቃ። ያልሽው «ከግማሽ ሰዓት በላይ» ይኸው ነው።

በኤምፒአይ ስትጽፊው ደግሞ ጠርዙን በአንድ መልእክት ሳትልኪው አልቀረሽም፤ አጻጻፉ ራሱ ወደዚያ ይገፋልና። 50 ሲደመር 64፣ ለሁለት ጎን 228 ማይክሮ ሰከንድ። ከሒሳቡ 250 ጋር ሲደመር በዙር 0.48 ሚሊ ሰከንድ ይመጣል። በ10,000 ዙር 4.8 ሰከንድ። ያንቺ 5 ሰከንድ መጣልሽ።

ስለዚህ ያው ማሽን፣ ያው ገመድ፣ ያው ስሌት ነው። ልዩነቱ የመልእክቶቹ ብዛት ብቻ ነው።

ኮአሬይሽን ለማስተካከል መላው ምናልባት አንድ መስመር ነው። ከ1 እስከ 1000 የሚዞረውን ሉፕ አንሺና በመቁጠሪያው ቦታ ሁለት ነጥብ (:) አድርጊ። ፎርትራን ያንን «ዓምዱን በሙሉ» ብሎ ያነበዋል። የጎረቤትሽን ዓምድ በአንድ ትእዛዝ ወደ ራስሽ ትቀጃለሽ። ያኔ 100 ሲደመር 64፣ ለሁለት ጎን 328 ማይክሮ ሰከንድ ይሆናል፤ ድምሩ ወደ 6 ሰከንድ ይጠጋል። ከዚህም ማሻሻል ይቻላል። ከጎረቤት ከመጎተት ይልቅ ጎረቤትሽ ቤት ውስጥ አስቀምጪለት። ማንበብ ደርሶ መልስ ነው፤ መጻፍ ግን የአንድ መንገድ ጉዞ ነው። ግማሹ ላተንሲ ይቀንስልሻል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ፎርትራን ሰንጠረዥን ሚሞሪ ላይ የሚያስቀምጠው ዓምድ በዓምድ ነው። ሲ ደግሞ ረድፍ በረድፍ። ምጣዱን በዓምድ ከቆረጥሽው ጠርዙ ሚሞሪ ላይ ተያይዞ የተቀመጠ ነው፤ በአንድ ጊዜ ይነሳል። በረድፍ ከቆረጥሽው ግን የጠርዙ ቁጥሮች ተበታትነው ነው የሚቀመጡት። ሁለት ነጥቡን ጽፈሽም ከታች ያለው ላይብረሪ (ፕሮግራምሽ የሚጠራው የተዘጋጀ ኮድ) ጠቅልሎ ይልካቸው ይሁን አንድ በአንድ፣ ከኮዱ ላይ አይታይም። ይህን አስታውሺው፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሌላው ማመሳሰሉ ነው። በየዙሩ መጨረሻ ሁሉም ሁሉንም እንዲጠብቅ አዘሽ ከሆነ አላስፈላጊ ነው። ጠርዝ የምትጋሪው ከሁለት ጎረቤት ጋር ብቻ ነው፤ ጠብቂ ከተባለ እነሱን ብቻ ጠብቂ። ጎረቤት ቡና እስኪፈላ መጠበቅ ሌላ፣ የሰፈሩ ቅሬ (እድር) በሙሉ እስኪሰበሰብ መጠበቅ ሌላ።

ቅሬን ካነሳሁ አይቀር፣ ለሁሉም የሚላክ መልእክት እንዴት እንደሚሠራ ብዙ ተማሪ አያውቅም። የቅሬው ጠሪ ብቻውን 7 ቤት ቢያንኳኳ 7 ዙር ይሆናል። አንደኛው ቤት ሲሰማ እሱም ወጥቶ ሌላ ቤት ቢነግር፣ የሰማው ሁሉ ደግሞ እንዲሁ ቢያደርግ 8 ቤት በ3 ዙር ያልቃል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። የኤምፒአይ ላይብረሪዎች ለትናንሽ መልእክቶች እንዲህ ዓይነት ዛፍ ነው የሚሠሩት። በፈረንጆች 2022 የኤግዛ ደረጃን (በሰከንድ ቢሊዮን ጊዜ ቢሊዮን ስሌት) ያለፈው ፍሮንቲየር የተባለ ሱፐር ኮምፒውተር 9,408 ኖድ አለው፤ ኖድ ማለት በውስጡ ያለ አንድ ማሽን ነው። በዚህ ዘዴ አንድ ወሬ ለሁሉም በ14 ዙር ይደርሳል። ይህን በገዛ እጅሽ በሉፕ አትጻፊው። ላይብረሪው ከአንቺም ከእኔም የተሻለ ያውቃል።

አሁን «ጥፋቱ የቋንቋው ነው ወይ» ወዳልሽው። ለዚህ ትንሽ ታሪክ ያስፈልጋል፤ ዓመቶቹን በፈረንጆች እጽፋለሁ።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ትልልቅ ማሽን ሠሪዎች ሁሉ የየራሳቸው የመልእክት ላይብረሪ ነበራቸው። ለአንዱ የተጻፈ ኮድ ለሌላው አይሆንም። በ1992 አሜሪካ ዊሊያምስበርግ ላይ ተሰብስበው አንድ ስታንዳርድ ለማውጣት ተስማሙ። በ1994 የመጀመሪያው ኤምፒአይ ወጣ። ኤምፒአይ ቋንቋ አይደለም፤ ከፎርትራንም ከሲም የሚጠራ ላይብረሪ ነው። ጸባዩ ግልጽ ነው፦ ላኪ ላክ ይላል፣ ተቀባይ ተቀበል ይላል። አድካሚ ነው። ግን እያንዳንዱ መልእክት ኮዱ ላይ በዓይን ይታያል። እስካሁን የቆየበት ዋናው ምክንያት ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ።

በዚያው ጊዜ፣ በ1993፣ ሃይ ፐርፎርማንስ ፎርትራን ወጣ። ሐሳቡ ደስ ይል ነበር። ፕሮግራመሩ ሰንጠረዡ እንዴት እንደሚከፋፈል ብቻ ይናገራል፤ መልእክቱን ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው) ራሱ ያወጣል። አልዘለቀም። ኮምፓይለሮቹ ለመብሰል ዓመታት ፈጀባቸው። ከዚያ የባሰው ደግሞ ፕሮግራሙ ሲዘገይ የትኛው መስመር መልእክት እንደወለደ አለመታየቱ ነው። ነገሩ ግን ከንቱ አልነበረም፤ በ2002 ጃፓን ውስጥ ኧርዝ ሲሙሌተር በተባለ ሱፐር ኮምፒውተር ላይ በዚሁ ቋንቋ የተሠራ የፊውዥን ስሌት 14.9 ቴራፍሎፕስ (በሰከንድ 14.9 ትሪሊዮን ስሌት) ደርሶ የጎርደን ቤል የተባለውን የሱፐር ኮምፒውቲንግ ሽልማት አግኝቷል።

ኮአሬይ መሀል ላይ ያለ መንገድ ነው። ኑምሪክና ሪድ በ1998 አቀረቡት፤ በፎርትራን 2008 ስታንዳርድ ውስጥ ገባ። የሌላ ማሽን ዳታ እንደ ራስሽ ዳታ በስሙ ይነበባል። ግን የማን እንደሆነ በካሬ ቅንፍ ይጻፋል። ያቺ ቅንፍ «እዚህ ጋ ገንዘብ ትከፍያለሽ» የምትል ምልክት ናት። የዚህ ቤተሰብ ቋንቋዎች ፒጋስ ይባላሉ፤ ከሲ የተወለደው ዩፒሲም ከእነሱ ነው። ዩፒሲ ግን ቅንፉን ትቶታል። የጋራ የተባለ ሰንጠረዥ ቅርብም ይሁን ሩቅ አጻጻፉ አንድ ነው። ለጻፊ ምቹ ነው፣ ለቁጥጥር አስቸጋሪ።

ስለዚህ ለጥያቄሽ የምሰጠው ፍርድ ይህ ነው፦ ቋንቋው አልበደለሽም፣ ግን አላስጠነቀቀሽም። ኔትወርኩ የተሠራበትን ሠራ። አንቺ ደግሞ ቅንፏን በሉፕ ውስጥ አስገባሻት። ሁላችንም አስገብተናታል።

«የላቤ ገመድ ቀርፋፋ ስለሆነ ነው፣ ሱፐር ኮምፒውተር ላይ ይህ ችግር የለም» እንዳትይ። ኢንፊኒባንድ በተባለው የሱፐር ኮምፒውተር ፈጣን ኔትወርክ ላይ ደርሶ መልሱ 2 ማይክሮ ሰከንድ ቢሆን 2000ው ንባብ 4 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። አንድ ማሽን ብቻውን 2 ሚሊ ሰከንድ ነበር! በውድ ገመድም ከአንድ ማሽን እጥፍ ትዘገያለሽ። ያንቺ ላብ በሽታውን አጉልቶ የሚያሳይ ማይክሮስኮፕ ነው። ማይክሮስኮፕ ያለው ሰው ደግሞ ጥናት መሥራት ይችላል።

ሲጀመር ግን ማይክሮስኮፑን ማጽዳት ያስፈልጋል። ከዓመታት በፊት ደሴ ውስጥ አንድ ላብ ላይ በ6 ማሽን ስሠራ ፕሮግራሜ ድንገት ቀርፋፋ ሆነ። ሁለት ቀን ሙሉ ኮዴን ስገለብጥ ከረምኩ። በሦስተኛው ቀን ማሽኖቹን የሚያገናኘውን ስዊች አየሁት። አምስቱ መብራት አረንጓዴ፣ አንዱ ብርቱካናማ። ገመዱን ስከተለው ከጠረጴዛው ሥር አይጥ ነክሳዋለች። ጊጋቢት አራቱንም ጥንድ ሽቦ ይፈልጋል። 100 ሜጋቢት ግን ሁለት ጥንድ ይበቃዋል። ስለዚህ ገመዱ አልሞተም፤ ዝም ብሎ ወደ 100 ወርዷል። 64 ማይክሮ ሰከንድ የነበረው ጭነት 640 ሆነ። ያም የአንዱ ማሽን ችግር ብቻ አልነበረም። ጎረቤቶቹ እሱን ይጠብቃሉ፣ የጎረቤቶቹ ጎረቤቶች እነሱን። ጅጌ ወጥቶ አንዱ አጫጅ ማጭዱ ቢደንዝበት መስመሩ በሙሉ የሚያዘግመው እንደዚሁ ነው። አይጧን እስካሁን ይቅር አላልኳትም።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ፒንግፖንግ ለኪ። አንዱ ማሽን ይልካል፣ ሌላው ይመልሳል፤ ሺህ ጊዜ። ጊዜውን ለ2000 ታካፍያለሽ። ከ1 ባይት ጀምረሽ በእጥፍ እያሳደግሽ እስከ 1 ሚሊዮን ባይት ድረስ ሂጂ። ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሚያወጣው የመለኪያ ስብስብ በነጻ ይገኛል፤ ራስሽ ብትጽፊውም ሠላሳ መስመር አይሞላም። በሁሉም ጥንዶች መካከል ለኪ፣ በአንዱ ብቻ አይደለም። ግራፉ መጀመሪያ ላይ ዝርግ ይሆናል፤ እሱ ላተንሲሽ ነው። ከዚያ ሽቅብ ይወጣል፤ ተዳፋቱ ባንድዊድዝሽ ነው። መሀል ላይ አንድ ቦታ ዘለል ካለ አትደንግጪ። ትንሽ መልእክት ሳይጠየቅ ይላካል፤ ትልቁ ግን ተቀባዩ ቦታ ማዘጋጀቱን ጠይቆ ነው የሚሄደው። ዝላዩ ብዙ ጊዜ የሚታየው ያ ለውጥ በሚደረግበት መጠን ላይ ነው።

ጥናቱስ? «ሉፕን ወደ አንድ መልእክት መጠቅለል» ብለሽ ርዕስ እንዳትይዢ። ራይስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የኬን ኬኔዲ ቡድን ፎርትራን ዲ የተባለውን ቋንቋ ሲሠራ ሠርቶበታል። ጎረቤቱ ማን እንደሆነ ፕሮግራሙ ሳይሮጥ የማይታወቅበትን ጉዳይም የጆኤል ሳልዝ ቡድን ቀደም ብሎ ነክቶታል። ያኔ ዘዴው መጀመሪያ አንድ ዙር ሮጦ የሚፈለገውን መመዝገብ፣ ከዚያ ጠቅልሎ ማምጣት ነው። እነዚህን አንብቢያቸው፤ ግን አትድገሚያቸው።

እኔ ብሆን የምይዘው ያቺን «አስታውሺው» ያልኩሽን ወጥመድ ነው። ምጣዱን በዓምድም በረድፍም ቁረጪ። በሉፕም በሁለት ነጥብም ጻፊ። በማንበብም በመጻፍም አድርጊ። ስምንት ዓይነት ፕሮግራም ይወጣል። ለእያንዳንዱ በዙር ስንት መልእክት እንደተላከ ቁጠሪ። ጊዜውን ብቻ አትለኪ፤ ቁጥሩ ነው ምስጢሩን የሚያወጣው። ጂፎርትራን የተባለው ነጻ የፎርትራን ኮምፓይለር ኦፕንኮአሬይስ ከሚባለው ላይብረሪ ጋር ሲሠራ ከሥር ኤምፒአይን ይጠራል። ኤምፒአይ ደግሞ ጥሪዎቹን ጠልፎ መቁጠሪያ ስታንዳርድ መንገድ አለው። አንድ ከሰዓት ያስፈልግሻል። ከዚያ «ይህ መስመር በዙር 2000 መልእክት ይወልዳል» ብሎ ፕሮግራመሩን የሚያስጠነቅቅ ትንሽ መሣሪያ ብትሠሪ፣ ቋንቋው ያላደረገውን አደረግሽ ማለት ነው። ለማስተርስ ከበቂ በላይ ነው።

ከ8 ማሽን በላይ ለማየት ሲምግሪድ የሚባል ነጻ ሲሙሌተር አለ። የኤምፒአይ ፕሮግራምሽን ላፕቶፕሽ ላይ፣ በሌለሽ ማሽንና በሌለሽ ኔትወርክ እንደሚሮጥ አድርጎ ያስኬደዋል። የምትነግሪው ላተንሲና ባንድዊድዝ ከለካሽው ከ8ቱ ማሽን ጋር መጀመሪያ ይገጥም እንደሆነ አረጋግጪ። ካልገጠመ ስለ 1000 ማሽን አታውሪበት፤ ፈታኝ ያንን ነው መጀመሪያ የሚጠይቅሽ። ንድፈ ሐሳብ ከፈለግሽ በ1993 የወጣውን ሎግፒ የተባለ ሞዴል ያዢ። ላተንሲን፣ ፕሮሰሰሩ ራሱ መልእክት ለመላክና ለመቀበል የሚያጠፋውን ጊዜ፣ በመልእክቶች መካከል ያለውን ክፍተትና የማሽኑን ብዛት ለይቶ ያስቀምጣል። በ1995 ለረጅም መልእክት ተሻሽሎ ወጥቷል። ከላይ የሠራሁልሽ ሒሳብ የሱ የድሃ ወንድም ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ 1000 በ1000 ትንሽ ነው። 10,000 በ10,000 ብታደርጊው ሒሳቡ 100 እጥፍ ያድጋል፤ ጠርዙ ግን 10 እጥፍ ብቻ። በየማሽኑ ሒሳቡ 25 ሚሊ ሰከንድ፣ በኤምፒአይ መልእክቱ 1.4 ገደማ። ከ8 ማሽን 7.6 እጥፍ ፍጥነት ታገኛለሽ። ሁለቱንም መጠን አሳዪ። ትልቁን ብቻ ካሳየሽ ግንኙነቱ ይደበቅልሻል፤ ጥናትሽ ደግሞ ስለ ግንኙነት ነው።

አማካሪሽ ቻፕል ማለታቸው ክፉ ምክር አይደለም። ቻፕል የመጣው የአሜሪካ መከላከያ ምርምር ድርጅት በ2002 ከጀመረው ፕሮግራም ነው። ክሬይ የተባለው ኩባንያ ቻፕልን፣ አይቢኤም ኤክስ10ን፣ ሰን ፎርትረስን ይዘው ገቡ። ፎርትረስ በ2012 ቆመ። ቻፕል ግን በ2024 ሁለተኛ ዋና እትሙን አውጥቷል። ያንቺው ኤተርኔት ላይ ጋዝኔት በተባለ ላይብረሪ በኩል ይሠራል። ከሩቅ የመጣን ዳታ አጠገቡ የሚያቆይበት ካሽ አለው። ከዚያም በላይ የላከውንና ያመጣውን የሚቆጥር መቁጠሪያ ውስጡ አብሮት ተሠርቷል፤ አንቺ በኮአሬይ ላይ ልትሠሪው ያልኩሽን ዓይነት። «ቋንቋ ቀይሬአለሁ» ከምትያቸው «ቻፕልን ለንጽጽር አስገብቻለሁ» በያቸው። ደስ ይላቸዋል። ፍጥነት ስትለኪ ግን ፋስት የሚለውን የኮምፓይለር ማዘዣ እንዳትረሺ። እሱን ሳያበራ ቻፕልን ቀርፋፋ ነው ብሎ የጻፈ ተማሪ አጋጥሞኛል።

ልኬቱን ቅዳሜ ወይ እሑድ ላቡ ባዶ ሲሆን አድርጊው፤ በሩንም ቆልፊ። ከ8ቱ አንዱ ላይ አንድ ልጅ ዩቲዩብ ከፈተ ማለት የከሰዓቱ ቁጥር በሙሉ ወደ ቅርጫት ነው።